ጾም ያስያዝኳቸው ዓሦች

በዕድሜዬ ብዙ ሥራ ሞክሬአለሁ። ድቁና ሞክሬ ዜማው እምቢ አለኝ፤ ልብስ ስፌት ሞክሬ መርፌው ጨርቁን ትቶ እኔን ሲሰፋ ዋለ። ሰዎች ግን "ከሁሉም የከበደህ ሥራ የትኛው ነበር?" ብለው ሲጠይቁኝ ድንጋይ ስለ መፍለጥ ወይም ጥይት ስለ መሸከም እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ምራቄን ዋጥ አድርጌ እውነቱን እናገራለሁ። በጣልያን ጊዜ፣ አንኮበር ላይ፣ የዓሣ ወጥ ቤት ነበርኩ። ዓሣ የሚቀቅል ወጥ ቤት ማለቴ አይደለም። ለዓሦች የሚያበስል፣ የሚያቀርብ፣ በሉልኝ አልበሉልኝም እያለ የሚጨነቅ ወጥ ቤት ማለቴ ነው።

መሳቅ ትችላላችሁ፣ አልቀየማችሁም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ነገር ሳይ ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተሰማ "ለአርበኞች በሶ አቀብለሃል" ተብሎ ታሰረ። አቀብሏል ወይ? አቀብሏል እንጂ! ጆንያውን አህያው ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ። እሱ ተያዘ፣ እኔ ቀረሁ፤ ለምን እንደቀረሁ ዛሬም አላውቅም። ጣልያኖቹ ምሽጋቸው ውስጥ ካስገቡት ስምንት ወር ሆኖታል። ስንቅ ማቀበል ክልክል ነው። በየሳምንቱ ደግሞ "እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው ወደ በረሃ ሊወስዷቸው ነው" የሚል ወሬ እቤታችን ይደርሳል፤ እናታችን ወሬው በመጣ ቁጥር አንድ ቀን ሙሉ አትናገርም። ወደዚያ በረሃ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላየንም ነበርና።

አንድ ቅዳሜ የምሽጉ አዛዥ፣ እኛ ካፒታኖው የምንለው፣ አስተርጓሚውን አስከትሎ ገበያ ወጣና "ስለ ዓሣ የሚያውቅ ሰው አለ?" ብሎ አስጠየቀ። አንኮበር ላይ! ደመናን ቁልቁል በሚያዩበት አገር! ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የእኔ እጅ ግን እኔን ሳያማክር ወደ ላይ ወጣ። ምሽጉ ከገባሁ ወንድሜን ከሩቅም ቢሆን አየዋለሁ ብዬ ነው። "አውቃለሁ ጌታዬ፣ ዓሣ ሳረባ ነው ያደግሁ" አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያየሁት ዓሣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ዮናስን ሲውጥ።

ስለዚህ ካፒታኖው ቤት ስገባ በሬ የሚያክል ነገር ይጠብቀኛል ብዬ ሱሪዬን ጠበቅ አድርጌ ነበር። ያሳየኝ አንድ የመስታወት ሣጥን ነው። ውስጡ የትንሽ ጣቴን ግማሽ የማያክሉ፣ ጅራታቸው እንደ ቀሚስ ጥለት ቀይና ሰማያዊ የሆነ ዘጠኝ ፍጥረቶች ይዞራሉ። የተወለዱት ሙቅ አገር ነው አሉ። ውሃቸው ለብ ብሎ እንዲቆይ ከሣጥኑ ሥር ፋኖስ ይነድላቸዋል። እኛ ጥርሳችን በብርድ ሲንቀጫቀጭ እነሱ በለብታ ይንሸራሸራሉ።

ቤቱም ልብ የሚያሳርፍ ቤት አልነበረም። ባለቤቱ ከነቤተሰቡ ጫካ ገብቷል፤ ጣልያኖቹ ምሽጉን የሠሩት በሱ ቤት ዙሪያ ነው። የአንኮበር ጉም ደግሞ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው። ከቀትር በኋላ በመስኮቱ ሲገባ ክፍሉ ድንግዝግዝ ይላል፤ ያን ጊዜ የፋኖሱ ብርሃን ከሥር ወደ ላይ እያበራ የዓሦቹን ጥላ ጣሪያው ላይ ይጥለዋል። ታች የጣት ግማሽ የሆነው ላይ በግ ያክላል። እግር የሌላቸው ዘጠኝ በጎች ድምፅ ሳያሰሙ ከራሴ በላይ ይዞራሉ። እኔ ስገባ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዞረው ያዩኛል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን "እንደምን ዋላችሁ" ብያቸው ነው የወጣሁት። ምን ይታወቃል?

ካፒታኖው ለሦስት ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አለኝ፤ "ስመለስ ዘጠኙም ካሉ ወንድምህን እፈታልሃለሁ። አንድ ከጎደለ ግን በመጀመሪያው ካሚዮን ይጫናል።" ይህን ሲናገር ፈገግ ይላል። ከዚያ ዓሦቹን ለመሰናበት ጎንበስ ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለሰው አላየሁበትም ነበር።

የምግባቸውን ነገር አታንሱት። አስተርጓሚው በአማርኛ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። ሰኞ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል፣ የምስር ፍሬ የምታህል። ማክሰኞ ከቆላ ውሃ የሚቀዳ የትንኝ ትል፣ ከነነፍሱ። ረቡዕ የበግ ጉበት፣ በቢላ ተፍቆ። ሐሙስ የተቀቀለ ጎመን። ዓርብ የመሬት ትል ተከትፎ። ቅዳሜ የዳቦ ፍርፋሪ። እሑድ ምንም። "አንድ ዓይነት ምግብ ከሆነባቸው ይሞታሉ" ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ "እሑድ ደግሞ ሆዳቸው እንዲያርፍ ይጾማሉ።"

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ዜማው እምቢ ቢለኝም የጾሙን ሕግ በጣቶቼ እቆጥረዋለሁ። ረቡዕ ጉበት! ዓርብ ትል! እሑድ፣ በሰንበት፣ ጾም! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦበት፣ ሳምንቱን ልገልብጠው ቢል ከዚህ የበለጠ መገልበጥ አይችልም። አገሬን ወሰዱ፣ ወንድሜን አሰሩ፣ አሁን ደግሞ በረቡዕ ቀን በገዛ እጄ ጉበት ሊያስፍቁኝ? ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለው ካህናት ሲከራከሩ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ዓሣው ራሱ በጾም ምን ይብላ የሚል ክርክር ግን አልሰማሁም። ስለዚህ ብቻዬን ተከራክሬ ብቻዬን ፈረድኩ። የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውን ሳይቀር አስጹመው የለም? ዮናስን ወደ ነነዌ ያደረሰውስ ማን ነው? ዓሣ አይደለም?

ካፒታኖው በሄደ ማግሥት ሳምንቱን አቃናሁት። ጉበቱ ወደ እሑድ ተዛወረ። የመሬት ትሉ ሐሙስ ገባ። ረቡዕና ዓርብ ጎመን ብቻ፣ እሱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ልቤ ረካ። አርበኝነት የግድ ጫካ መግባት ነው ያለው ማን ነው ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ማክሰኞ ለትንኝ ትል ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። እዚያ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨው ነጋዴ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ግመሎች የሚጠጡበት ገንዳ ነበራቸው። ቅሌን ይዤ ገንዳው ላይ ሳጎነብስ መጡ።

"ምን ፈልገህ ነው፣ የመሪጌታው ልጅ?"

"ትል ልቀዳ ነው፣ ሐጂ።"

"ውሃ ነው ያልከኝ?"

"ትል። ውሃውን ለአጃቢነት ነው የምፈልገው።"

"ለምንህ?"

የዓሦቹን የሳምንት ምግብ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። "ሱብሐነላህ! እኛን ስንት ዘመን ሲበላ የኖረ ትንኝ በላተኛ ተገኘለት?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ድንገት ተቋረጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ ዓሣ ያገኘውን ነው የሚበላ። በመስታወት ቤት ተቀምጦ፣ ከሥሩ እሳት እየነደደለት፣ በየቀኑ ሌላ ሌላ አምጡልኝ የሚል ነገር... እኛ አገር ስሙ ዓሣ አይደለም።"

"ታዲያ ስሙ ማን ነው?"

"ወላሂ አልጠራውም። እኔ ብሆን ቢስሚላህ ብዬ ነው የምገባ። አንተ አማትብ።"

እዚያው አድሬ በማግሥቱ ሽቅብ ስመለስ ኬላው ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር፣ አስቆመኝ። ቅሉን ከፈተ። ውስጡን አየ። ውስጡም እየተወራጨ እሱን አየው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የካፒታኖው ቤት ውሃ ነው" አልኩ። ከዚህ የከፋ መልስ ፈልጌም አላገኝ። አስካሪው ጠመንጃውን አዞረ።

"ካፒታኖውን ልትመርዝ! መርዝ ካልሆነ ጠጣው።"

ረቡዕ ነው። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ጉንጭ ጠጣሁ። በጉሮሮዬ ሲወርዱ ለየብቻቸው ይታወቁኛል። አስካሪው እስክወድቅ ትንሽ ጠብቆ፣ ስላልወደቅሁ ቅር እያለው ለቀቀኝ። እንግዲህ በዚያ ረቡዕ ዓሦቹ ጾመው ዋሉ፣ እኔ ፈሰክሁ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሕጉን ከጀመርኩ አይቀር ብዬ አስኳሉን፣ ጉበቱን፣ ትሉን ሁሉ አስቀረሁ። በየቀኑ ጎመን፣ ደግ ቀን ሲሆን የዳቦ ፍርፋሪ። ዓሦቹ ከሱ፤ የትልቋ ሆድ ብቻ እንደ ነፋ ነው። ወደ በሩ ስሄድ ወደ በሩ ይዞራሉ፣ ወደ መስኮቱ ስሄድ ወደ መስኮቱ። በመስታወቱ ላይ አፋቸውን ለጥፈው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጸሎት እያደረሱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የኔን ሞኝነት ልኩን የምታውቁት ይሄኔ ነው። ስወጣ በእስር ቤቱ በር በኩል ነው የማልፈው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንድሜን አላየሁትም፣ ሳሉን ብቻ አንድ ቀን ሰማሁ። የሱ ሳል መሆኑን ለይቼ ቆም ብል ዘበኛው ጮኸብኝ።

ሁዳዴ በገባ በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ስቆጥር ዘጠኝ ናቸው። ጎመኔን ከትፌ ስመለስ ውሃው ውስጥ አቧራ የገባ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። አቧራው ዓይን አለው። የተልባ ፍሬ የሚያክሉ፣ ሰውነታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከዓይን በቀር ምንም የሌላቸው የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ሠላሳ ድረስ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ተምታታብኝ። ዓሣ እንቁላል ይጥላል ሲባል ነው የሰማሁት፤ እኔ እንቁላል አላየሁም። በሩ ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። በበጎቹ መሀል ግልገሎች ይሯሯጣሉ።

አማትቤ ወጣሁ። የሐጂ ሰይድ ንግግር ጆሮዬ ላይ ተጣብቋል። ካፒታኖው ያለኝ ዘጠኝ ነው፤ ስለሚበዛ ዓሣ የነገረኝ የለም።

በማግሥቱ ሃያ ሆኑ። በሚቀጥለው ቀን አሥራ ሁለት። ሬሳ የለም። ወለሉን ዳበስኩ፣ ከሣጥኑ ሥር አየሁ፣ ክዳኑን መረመርኩ። ሳይመጡ እንደመጡ ሳይሄዱ ይሄዳሉ። ዓርብ ዕለት ወንበር ስቤ ሣጥኑ ፊት ቁጭ አልኩና ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ።

ትልቋ ዓሣ፣ ያቺ ሆዷ ነፍቶ የነበረችው፣ አሁን ሟሽሻለች። እናታቸው እሷ መሆኗ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀስ ብላ ወደ አንዱ ትንሽ ተጠጋች። የምትስመው መሰለኝ። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ትንሹ የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እንደ ወትሮዋ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

በሁዳዴ፣ በዓርብ ቀን፣ ሥጋ፣ ያውም የገዛ ልጅ! ለዚህ ያበቃኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ጸሎት ያልኩት ረኃብ ነበር። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን እፍረቴ በዛ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቲቱ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተንሳፍፋለች። ስምንት። ወንድሜ ካሚዮን ላይ ተቀምጦ ታየኝ። ከልጆቹ የተረፈ እንዳለ ስፈልግ አንድ ብቻ ድንጋይ ሥር ተለጥፎ አገኘሁ። በማንኪያ አወጣሁትና የቤቱ ሰዎች ትተውት የሄዱት ብርሌ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ጨመርኩት። ከዚያ ብርሌውን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ወደ ንስሐ አባቴ በረርኩ።

"አባቴ፣ በድያለሁ።"

"ምን አደረግህ?"

"ዓሣ አስጾምኩ።"

መስቀላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ "ስንት ቀን?" አሉኝ። ሌላ ምን ይጠይቁ?

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አንገቴን ደፍቼ፣ ብርሌውን በክንዴ አቅፌ። ነገሩ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እየሳቁ ይሁን እያዘኑ አልለየሁም። ሲገልጡት ግን ዓይናቸው ቀልቷል።

"ጾም የታዘዘው ለበደልነው ለእኛ ነው። ዓሣው ምን አደረገ? ሂድ እንደታዘዝከው አብላቸው። የሚፈቱትን ጾም ሁሉ አንተ ጹምላቸው።"

በዚህ ፍርድ መሠረት ለስምንት ዓሦች፣ ለአንድ ግልገልና ለራሴ፣ በጠቅላላው ለአሥር ነፍስ መጾም ጀመርኩ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ በአፌ አይዞርም፤ እጄ ግን ቀኑን ሙሉ አስኳል ይፈጫል፣ ጉበት ይፍቃል። በሁዳዴ እንቁላል ፍለጋ ቤት ለቤት ስዞር ሰፈርተኛው "የመሪጌታውን ልጅ ጣልያን አስፈሰከው" ብሎ አወራብኝ። የጎረቤታችን ሚስት እንቁላሉን ከሰጠችኝ በኋላ እጇን በአመድ አሸችው። ብርሌውን ከብብቴ አላወጣም፤ ብርድ ከነካው አለቀልን። ትንሹ እዚያ ውስጥ ሆኖ ሰኞን እንደ ሰኞ፣ ረቡዕን እንደ ረቡዕ በላ። ማክሰኞም አልቀረበትም፤ በዚያው ኬላ ሁለት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ፣ አስካሪውም ለምዶኝ ራሱ ቅሉን እየከፈተ "ዛሬም ትጠጣለህ?" ይለኝ ጀመር።

እግዚአብሔር ሲረዳ ደግሞ አርበኞች መንገዱን ዘጉት። የካፒታኖው ሦስት ሳምንት ስድስት ሆነ። ትንሹ በዚህ መሀል አደገ፤ ጅራቱ ላይ ቀይ ብቅ አለ። የካሚዮኑ ድምፅ በተሰማ ጠዋት ብርሌውን ሣጥኑ ውስጥ ገለበጥኩ። ስምንቱ ከበቡት። እኔ እጄን ውሃው ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁ። አሸተቱት መሰለኝ፤ ከዚያ ተዉት። ጠግበው ነበርና።

ካፒታኖው ጭቃ የለበሰ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ኮፍያውን ሳያነሣ ገባ። ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ይቆጥራል፤ "ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ..."። ስምንት ላይ ጣቱ ቆመ። ትንሹ ድንጋይ ሥር ነው። የፋኖሱ ክር ሲንጣጣ ይሰማኛል። ጣቱ እንደቆመ ነው። ወንድሜ በጣቱ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ትንሹ ከድንጋዩ ሥር ብቅ አለ።

"ኖቬ" አለ ካፒታኖው።

ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልተረዳሁም። አስተርጓሚው "ወንድምህን ውሰድ ይልሃል" አለኝ።

ጋሼ ተሰማን እዚያው ድረስ አመጡት። ልብሱ ነው የገባው ብል ይሻላል፤ እሱ ልብሱ ውስጥ የት እንዳለ አይታወቅም። ልስመው ስጠጋ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ግድግዳውን እያየ ነበር። የተለጠፈውን የዓሦቹን ምግብ ወረቀት ከሰኞ ጀምሮ በቀስታ ያነበዋል። እጁን ይዤ አወጣሁት።

መንገዱን ጉም ሸፍኖታል። ላስቀው ብዬ ሁሉንም አወራሁለት። ገበያ ላይ የወጣውን እጄን፣ ሐጂ ሰይድን፣ የጠጣሁትን ትል፣ ለአሥር ነፍስ የጾምኩትን ጾም። ስምንቱን ዘጠኝ ያስባልኩበት ጋ ስደርስ ቆመ።

"አንዷ ሞታ ዘጠኝ ብሎ ቆጠረ?"

"አዎ ጋሼ!" አልኩ፣ ሊስቅልኝ ነው ብዬ።

"እኛ አሥራ አራት ነበርን" አለ። "ከመዘዞ የመጣው ሰውዬ ሁዳዴ በገባ በሰሞኑ ሞተ። አልተናገርንም። ለቆጠራ ሲመጡ መሀላችን አድርገን በትከሻችን ደግፈን እናስቀምጠዋለን። ገብሱን ለአሥራ አራት ሰው ይሰፍሩልናል።"

"ስንት ቀን?"

"ስድስት ቀን። የሱን ድርሻ በተራ ነበር የምንበላው። የእኔ ተራ ዓርብ ደረሰ።"

ቤት ስንደርስ እናታችን እያለቀሰች እግሩን አጠበችው። ሰፌዱን አቀረበችለት። ጋሼ ተሰማ እንጀራውን ከመሀሉ ለሁለት ከፈለው፤ አንዱን ግማሽ ማንም ወዳልተቀመጠበት ጎን ገፋ አደረገና መብላት ጀመረ።